የመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማኅበር፦ ከአራት ዓመት በኋላ የምለው

ባለፈው ጥቅምት የደመወዝ ወረቀቴ ላይ «ብድር» ከሚለው ቃል ጎን 1,902 ብር ለመጨረሻ ጊዜ ተጻፈ። በኅዳር ቦታው ባዶ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አየሁት።

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። የምኖረው ጀሞ፣ ኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ስለ መሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሰው «ሳኮስ» ስለሚለው፣ ልጽፍ የተነሳሁት ብዙ ባልደረቦቼ አባል ሆነው ሳለ ምን እንደሚጠቅማቸው ስለማያውቁ ነው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። ስሙን አልጠራም። የሚያገለግለው ሠራተኞቹን ብቻ ስለሆነ ውጭ ላለ ሰው ስሙ አይጠቅምም። አሠራሩ ግን ይጠቅማል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ማኅበር አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስትገቡ መመዝገቢያ ትከፍላላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ትገዛላችሁ። ከዚያ በየወሩ የተስማማችሁበት ቁጠባ ከደመወዛችሁ ይቆረጣል። ብሩ እጃችሁ ሳይደርስ ነው የሚቆረጠው። ስድስት ወር ከቆጠባችሁ በኋላ እስከ ቁጠባችሁ ሦስት እጥፍ መበደር ትችላላችሁ። ወለዱ በዓመት 13 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። 1 በመቶ ለአገልግሎት፣ 1 በመቶ ለብድር መድን ከብድሩ ላይ ይቀነሳል። መድኑ ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው ቤተሰቡ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ለቁጠባችሁ ደግሞ በዓመት 7 በመቶ ታገኛላችሁ። ዓመት ሲዘጋ ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነ የትርፍ ክፍፍል አለ። ይህ የእኛ ነው። የእናንተ በቁጥር ሊለይ ይችላልና መተዳደሪያ ደንቡን ጠይቃችሁ አንብቡ።

እኔ የገባሁት በጥቅምት 2014 ነው። በወር 600 ብር። አንዲት ባልደረባዬ «ግቢ፣ ግቢ» ስትለኝ ፈረምኩ፣ ከዚያ ረሳሁት።

2015 ለቤታችን ከባድ ዓመት ሆነ። እናቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደረገች። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ሕንፃ ግንባታው ቆመ። ደመወዜ 9,056 ብር ነበር። ግብሩ፣ ጡረታውና ቁጠባው ሲነሳለት እጄ የሚገባው 6 ሺህ ብር ገደማ ነው። የቤት ኪራያችን ብቻ 9 ሺህ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ባለበት ወር 20 ሺህ ያመጣል። ሥራ በጠፋበት ወር 5 ሺህም አይሞላለትም። መሃሉን የምንሞላው በብድር ነበር።

አንዱ ብድር ስልኬ ላይ ነበር። 5,000 ብር ለ30 ቀን፣ ክፍያው 375 ብር። ሲያዩት ትንሽ ነው። በ30ኛው ቀን 5,375 እከፍላለሁ። ከፍዬ ስጨርስ ለጤፍ አይቀርልኝም። ስለዚህ በዚያው ማታ መልሼ 5,000 እወስዳለሁ። ከየካቲት እስከ ነሐሴ ሰባት ጊዜ እንደዚህ አደረግኩ። 2,625 ብር ለክፍያው ብቻ ወጣ፤ ዕዳዬ ግን ያው 5,000 ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ግን ማንም አላየኝምም። ስልክ አይታዘብም። ተረኛ ሆኜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ታካሚ በሌለበት ደቂቃ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ ተበድሬ አውቃለሁ። ጠዋት ቤቴ ስገባ ለማንም አልተናገርኩም።

ነሐሴ ሲጋመስ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መጣ። አንድ ሰው በወር 10 በመቶ አራጣ የሚያበድር እንዳለ ነገረኝ። አራጣ በሕግ የተከለከለ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የሰውየውን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ነበር። ሳልደውል በፊት ግን ሳኮስ ያለችኝ ቁጠባ ትዝ አለችኝ። እሷን አውጥቼ ልወጣ ብዬ ቢሮው ሄድኩ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው። «ሲስተር፣ ለምን ትወጫለሽ? ተበደሪ እንጂ!» አለችኝ። የብድር ፎርሙን ሰጠችኝ። ከላዩ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ጨመረችበት። «ያለብሽን ዕዳ በሙሉ እዚህ ላይ ጻፊ። ከባለቤትሽ ጋር ጻፉት። አንድም እንዳትደብቁ።»

ይህን ደንቡ አያዝም። የራሷ ልማድ ነው። ስለ ማኅበሩ ከምጽፈው ሁሉ የማስበልጠው ግን ይህችን ባዶ ወረቀት ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጥን። እኔ መጻፍ ጀመርኩ። የስልክ 5,000። የሱቅ ዱቤ 6,840። ለኦፕራሲዮኑ ከባልደረባዬ የወሰድኩት 15,000። እኔ የማውቀው ይህንን ነበር። ባለቤቴ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና «የኬብል 8,000» ብሎ ጻፈ። ዕቃ በዱቤ ወስዶ፣ ሥራውን ጨርሶ አስረክቦ፣ አሠሪው ሳይከፍለው ቀርቷል። አምስት ወር ሆኖታል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ በእናትሽ ነገር ስትጨነቂ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

መልስ አልነበረኝም። የስልኩን ብድር እኔም ደብቄው ነበር፤ እሱም ያወቀው ያን ማታ ነው። አልተኮራረፍንም። ደመርነው። 34,840 ብር። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን ስንት እንደሆነ ሳላውቅ ከተኛሁባቸው ሌሊቶች ያን ሌሊት ይበልጥ ደህና ተኛሁ።

ቀጥሎ ዋስ ነበር። ብድሩ ከቁጠባዬ ስለሚበልጥ ሁለት አባላት መፈረም ነበረባቸው። ዋስ የፈረመ ሰው የራሱ ቁጠባ ይያዛል፤ እኔ ባልከፍል ከእሱ ይነሳል። ሁለት ዓመት አባል ሆኜ ያልተበደርኩበትን ምክንያት ያኔ ነው ያወቅኩት። ሰው መጠየቅ አፍሬ ነበር። ነርስ ሲስተር ተብላ ትከበራለች፤ «ቸግሮኛል» ማለት ያስፈራታል። ላብራቶሪ የሚሠራው ጓደኛችን ሳላስረዳው ፈረመ። ሁለተኛዋ ካርድ ክፍል የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ እናት ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው በመነጽራቸው አነበቡት። «እፈርምልሻለሁ ልጄ። ግን የኔ ቁጠባ የልጄ መዳሪያ ነው» አሉኝ። ፈረሙ። ይህችን ቃላቸውን 24 ወር ሙሉ ይዣት ኖሬያለሁ። በየቀኑ ጠዋት ስገባ በካርድ ክፍሉ መስኮት ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ።

በጥቅምት 2016 ቁጠባዬ 15,000 ደርሶ ስለነበር 45,000 መበደር እችል ነበር። 40,000 ወሰድኩ። ጣሪያውን አትውሰዱ ብዬ እመክራለሁ። ተፈቀደ ማለት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። መድንና አገልግሎት ተቀንሶ 39,200 እጄ ገባ። በዚያው ቀን አራቱንም ዕዳዎች ዞሬ ከፈልኩ። ባለሱቁ ዱቤ መዝገቡን አውጥቶ የኛን ገጽ ከላይ እስከ ታች አሰመረበት። «አሁንም ከቸገረሽ ሱቁ ያንቺው ነው» አለኝ። ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዱቤ አንድ ክብሪት አልወሰድኩም። በተረፈው ብር 25 ኪሎ ጤፍ ገዛሁ፤ የቀረችውን 1,300 ብር ገደማ ለክፉ ቀን አስቀመጥኳት።

አሁን ሒሳቡን እናስተያየው፤ ለእኔ ዓይኔን የገለጠልኝ እሱ ነው። የስልኩ ብድር በወር 7.5 በመቶ ነበር። በዓመት ሲሰላ 90 በመቶ ይሆናል። 5,000 ብሩን ለሁለት ዓመት እያገላበጥኩ ብቆይ ኖሮ ለክፍያ ብቻ 9,000 ብር ይወጣብኝ ነበር፤ ዋናው ሳይነካ። ከማኅበሩ 40,000 ብር ለሁለት ዓመት ተበድሬ የከፈልኩት ወለድ 5,640 ብር ነው፣ መጀመሪያ ከተቀነሰው 800 ጋር 6,440፤ ዋናውም አብሮ አለቀ። የብድሩ መጠን ስምንት እጥፍ፣ ዋጋው ግን ከዚያ በታች። ወለድ ስትጠይቁ «በወር ነው በዓመት?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍያው «የአገልግሎት» ቢባልም ወለድ ነው።

ዕቁብ ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ዕቁብ እወዳለሁ፤ እናቴ እኛን ያሳደገችው በዕቁብ ነው። ወለድ የለውም። ዕጣው ቶሎ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የወጣለት ደግሞ ለሌሎቹ ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው። ለፍሪጅ፣ ለሶፋ፣ ለንግድ ጥሩ ነው። ሕመም ግን ዕጣ አይጠብቅም። ዕጣ የወጣለትን ሰው ለምኖ ወይም ጨምሮለት መግዛት አለ፤ ያኔ ግን ዋጋው ይወደዳል።

ማኅበሩ ችግር የለበትም አልልም። ቢሮው የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎርሙን ያስገባሁት በመስከረም መጀመሪያ፣ ብሩ የወጣው ጥቅምት ሲያልቅ። ሰባት ሳምንት ገደማ። ምክንያቱ መስከረም ላይ ሁሉም ለትምህርት ቤት ስለሚበደር የማኅበሩ ካዝና ይሟጠጣል። የልጆቹን ክፍያ በሁለት ከፍዬ እንድከፍል ርእሰ መምህሩን ለምኜ ነው ያለፍኩት። ለመስከረም የምትፈልጉትን ብድር በሰኔ ጠይቁ።

አንድ ወር ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ። ማኅበሩ ጋ ስሄድ «የፔሮል ስህተት ነው»፣ ፔሮል፣ ማለትም ደመወዝ ክፍል፣ ስሄድ «የማኅበሩ ነው» ተባልኩ። ሁለት ወር ፈጅቶ ተመለሰልኝ። ያን ወር እንዴት እንዳለፍን የማውቀው እኔ ነኝ። የቁጠባ ደብተሩ ካልነዘነዛችሁ አይሞላም። ስልክ ላይ መልእክት አይመጣም። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፤ የኔ ማስረጃ እነሱ ነበሩ።

ከዚህ የከፋም አይቻለሁ። አንድ ባልደረባችን ተበድሮ ከአገር ወጣ። ብሩ ከሁለቱ ዋሶች ቁጠባ ተነሳ። አንዷ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል። ማኅበሩ ደንቡን ነው የፈጸመው፤ ግን ከመፈረማቸው በፊት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም። ዋስነትን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ቢሰጥ ምን ነበረበት? ሌላም አለ። ወለድ ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው ባልደረቦች አሉን። ማኅበራችን ለእነሱ ከወለድ ነፃ አሠራር እስካሁን አላዘጋጀም። በጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ ዘንድሮም አነሳዋለሁ።

ብድሩ ዕዳዎቹን አንድ ቦታ ሰበሰበልኝ እንጂ ኑሮውን አላስተካከለውም። በወር 1,902 ብር ከሌለው ደመወዝ ላይ መነሳት ጀመረ። እሱን ያቻቻልነው በደብተር ነው። ተራ ባለ መስመር ደብተር ፍሪጁ ላይ አስቀመጥን። ማንኛችንም ስንገባ ያወጣነውን እንጽፋለን። የመጀመሪያውን ወር ስንደምር ከገመትኩት ውጭ የሆነው ምግቡ አልነበረም። ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የታመመ ጥየቃ ነበር። ዕድራችን የታወቀ ነው፣ በወር አንዴ ይከፈላል። ሌላው ግን በጀት ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ሁልጊዜ ድንገተኛ ይመስለን ነበር። ድንገተኛ አይደለም። ጥር ሰርግ እንዳለው እናውቃለን። ፋሲካ ዶሮ እንደሚወደድ እናውቃለን። ጎረቤት እንደሚሞት፣ ልጅ እንደሚወለድ እናውቃለን። አሁን «የሰው» የሚል አንድ ገጽ አለን፤ በየወሩ 700 ብር ይመደብለታል። ባልነካነው ወር ለሚቀጥለው ይሻገራል።

ዓመቱንም እንደ ዓመት ነው የምናየው። ዐቢይ ጾም ላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሌለ ወጪያችን ይቀንሳል። ያን ልዩነት ለበዓሉ ሳይሆን ለመስከረም ነው የምንይዘው። ጳጉሜን ደመወዝ የሌላት፣ ግን የሚበላባት ናት፤ ከነሐሴ ላይ ለእሷ ብቻ እንነጥላለን። ባለቤቴ ደግሞ ደህና ባገኘበት ወር ከ12 ሺህ በላይ የመጣውን አይነካም። ሥራ የጠፋ ወር የሚከፈለው ከዚያ ነው። ይህ የእሱ ሐሳብ ነው፣ ከኔ ሁሉ የበለጠ የሠራው እሱ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የልጆቹ ደብተርም ጨመረ። በዚያ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የኔ 1,902 አልጨመረም። የተቆረጠ ዕዳ የተቆረጠ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲንር እሱ ባለበት ቆመ። በተቃራኒው ግን ቁጠባዬ እዚያው ተቀምጦ ሟሟ። 7 በመቶ ወለድ ለዚያ ንረት ምንም አይደለም። ስለዚህ እዚህ ማኅበር የምትቆጥቡት ብሩ እንዲያድግላችሁ ብላችሁ ከሆነ ታዝናላችሁ። በደህና ወለድ ለመበደር መብት እየገዛችሁ እንደሆነ ካሰባችሁት ግን ያዋጣል።

በሐምሌ 2017 ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲነሳ የኔ ግብር በወር ከ300 ብር በላይ ቀነሰልኝ። ሳላየው ቁጠባዬን ከ600 ወደ 900 አስደረግኩት። መስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል ግን ቁጠባውን አልጨመርኩም፤ እሱ ለቤቱ ያስፈልግ ነበር። ጥቅምት ላይ ብድሩ ሲያልቅ ቁጠባዬ፣ ወለዱ ሳይቆጠር፣ 30,600 ብር ሆኖ ነበር። ያን ያህል ብር በስሜ ኖሮ አያውቅም።

ማን ይግባ? ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት እዚያ መሥሪያ ቤት የሚቆይ፣ ዕዳው ተበታትኖ ያስቸገረው ሰው ይግባ። በቅርብ ሥራ ልቀይር ብሎ የሚያስብ ሰው ይቆይ፤ ሲለቅ ቀሪው ዕዳ ባንዴ ይጠየቃል። ነገ ብር የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ እዚህ አያገኝም። ለእሱ የሚሆነው ወንድም፣ እህት፣ ጓደኛ ነው፤ ብሩን ስልኩ ላይ ከመፈለጉ በፊት ለአንድ ሰው ይንገር።

የካርድ ክፍሏ እናት ባለፈው ሳምንት ልጃቸውን ዳሩ። ቁጠባቸው ተለቆላቸው ነበር። ከላብራቶሪው ጓደኛችን ጋር ሄድን። ስጦታው የወጣው «የሰው» ከሚለው ገጽ ነው።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ገና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ነርስ መጣችና ዋስ እንድሆናት ጠየቀችኝ። መሬት መሬት እያየች ነው የጠየቀችኝ። ባዶ ወረቀት ሰጠኋት። ማክሰኞ ማታ ሞልታ አመጣችልኝ፤ ሦስት መስመር ነው፣ አንዱ የስልክ ብድር ነው። ደብተሯንም አየሁት፣ ብድሩም ከአቅሟ አይበልጥም። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቢሮው ከሰዓት ይከፈታል። ስምንት ሰዓት ላይ አብረን እንሄዳለን ብያታለሁ።